የአምስት ወሩ ፕሬዚዳንት የክቡር አቶ ፕላቺ ደሩንግስ የሕይወት ጉዞ

ዛሬ የምንሸኛቸው ክቡር አቶ ፕላቺ ደሩንግስ ከአባታቸው ከአቶ ሉሬን ደሩንግስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦና ካፕራዝ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1924 በዚችው በቫልሱራ መንደር፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ተወለዱ።

አባታቸው "አንዱ ይማር፣ አንዱ ላም ይለብ" ብለው ስለወሰኑ፣ አቶ ፕላቺ በገዳም ትምህርት ቤት ተምረው በፍሪቡር ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ታናሽ ወንድማቸው ጂየሪ ከላሞቹ ጋር ቀረ። በ1953 ከመምህርት ባርላ ሽፔሻ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሉቺያንና አንድሪውን ወልደዋል። በጠበቃነትና በፓርላማ አባልነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1970 አገሪቱን ከሚመሩት ሰባት ሚኒስትሮች አንዱ ሆነው ተመረጡ። በዋና ከተማዋ በበርን ያለ ጠባቂ፣ ቦርሳቸውን ራሳቸው ይዘው በትራም ይሄዱ ነበር፤ ወንበር ሲጠፋም ቆመው።

በኦገስት 1978 ፕሬዚዳንቱ በሕመም ሥልጣን ሲለቁ ምክትላቸው አቶ ፕላቺ ተተኩ። ይህን የሚነግረው ስልክ ፖስታ ቤት ሲደወል እሳቸው ለእረፍት መጥተው ከጂየሪ ጋር ድርቆሽ ሣር ይሰበስቡ ነበር። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ እየሮጠች መጥታ ብትነግራቸው፣ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፣ "ዝናቡ ሳይደርስ ይቺን እንጨርስ፤ አገሪቱ እስከ ማታ የትም አትሄድም" አሏት። ባቡር የያዙት ድርቆሹ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ፕሬዚዳንትነቱ በየዓመቱ ከሰባቱ ለአንዱ ስለሚዞር፣ አገር የመሩት እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ ለአምስት ወራት ብቻ ነው።

በእነዚያ ወራት መንግሥት እዚህ ግድብ እንዲሠራ፣ መንደሩም ከነቤተ ክርስቲያኑና ከነመቃብሩ በውሃ እንዲዋጥ ወሰነ። የመጨረሻው ቃል ግን የነዋሪው ነበር። በአገራችን ሰባቱ በአብላጫ የወሰኑትን እያንዳንዳቸው በአደባባይ እንደ ራሳቸው ሐሳብ ይከራከሩለታል፤ ማን ምን እንዳለ የሚናገረው ቃለ ጉባኤ ለሠላሳ ዓመት ይታሸጋል። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ቆመው ስለ ግድቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዱ። ጂየሪ ብድግ ብሎ፣ "የእናታችንን መቃብር በዋና ልንሳለመው ነው? አንተ ራስህ በርን ላይ ምን አልክ?" ሲል በሰው ፊት ጠየቃቸው።

"የመንግሥትን አቋም ነግሬሃለሁ፣ ጂየሪ" አሉ። ድምፅ ለመስጠት እጅ ሊወጣ ሲል ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

መንደሩ ግድቡን በ112 እጅ ለ9 ጣለው። ጂየሪም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙን ሰላም ማለት ተወ። ጡረታ ወጥተው አጠገቡ ሲኖሩ አላናገራቸውም፤ በ2003 ወይዘሮ ባርላ ሲያርፉ እንኳ ከሩቅ ቆሞ ቀበረ። ቡና ቤት ለሰማው ሁሉ "ከሃዲ" ይላቸው ነበር፤ ይህ ጆሯቸው መድረሱንም ያውቅ ነበር። በጣም ያሳፍራል።

በ2009 ቃለ ጉባኤው ተከፍቶ በጋዜጣ ወጣ። ስድስቱ ግድቡን ደግፈው፣ የተቃወሙት አቶ ፕላቺ ብቻ ነበሩ።

ጂየሪ ጋዜጣውን ይዞ በራቸውን አንኳኳ። "ሠላሳ ዓመት ስሰድብህ ምነው አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትል?" አላቸው።

"ለአንተ የነገርኩህ ዕለት ቡና ቤቱ በሙሉ ይሰማው ነበር" አሉት። ቀጥለውም፣ "ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ" አሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ዝም ማለት የሚችል ሰው ቫልሱራ ወልዳ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የገብስ ሾርባቸውን በየቀኑ አብረው ጠጡ።

አቶ ፕላቺ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2011 በ86 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል።

ይህን የጻፈው ያ ወንድም ነው። በአደባባይ የሰደብኩህን በአደባባይ ይቅር በለኝ፣ ፕላቺ። እግዚአብሔር ነፍስህን ቃላቸውን ከጠበቁት ጋር ያኑርልኝ።