ለደሞዝ ጭማሪ ሽማግሌ የተላከላቸው የወይዘሮ አመለወርቅ አየሉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አመለወርቅ አየሉ ሲወለዱም አላስጠበቁም። እናታቸው ወይዘሮ ሉሉ ምጥ ሲይዛቸው እንደ እኛ እንደ ቤተ እስራኤል ደንብ ከመንደሩ ዳር ወዳለው የአራስ ጎጆ መንገድ ጀምረው ነበር፤ ጎጆው ሳይደረስ፣ ከማሳው ጠርዝ ላይ፣ ልጅቱ ከች አለች። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1963፣ ወራቱ ጤፍ የሚታጨድበት፣ አገሩ ጎንደር፣ ወገራ ነው። መታወቂያቸው ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወለዱ ይላል፤ እሱን የወሰነው እስራኤል ሲገቡ የመዘገባቸው ጸሐፊ ነው እንጂ እኛ ቤተሰቦቻቸው አናውቀውም። አባታቸው አቶ አየሉ ሸማኔ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከጉድጓዳቸው የማይነሱ ሰው፣ አፍታ የማትቀመጥ ልጅ ወልደው «ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው?» እያሉ ኖሩ።

ፊደል በመንደራቸው ቆጥረው፣ ጎንደር ከተማ ከአክስታቸው ቤት ሆነው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አንድ አስተማሪያቸው «ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፣ ወንበሯ ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው» ብለው ለአክስትየው ከሰው ነበር። ውሸታቸውን አልነበረም።

በ1988 የአቶ ክንዴ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ጠየቋቸው፤ ተፈቀደላቸውና በወግ ተጋቡ። አቶ ክንዴን የምታውቋቸው ታውቃላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ አብረዋችሁ ውለው አንድ ቃል ሳይናገሩ የሚሰናበቱ ሰው ናቸው። የቤቱን ወሬ በሙሉ የያዙት እሳቸው ሳይሆኑ ወይዘሮ አመለወርቅ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1990 ወደ አዲስ አበባ ወርደው፣ ያንን ሁሉ ወር በኪራይ ቤት ሲንቆራጠጡ ከርመው፣ በግንቦት 1991 አውሮፕላኑ ሲመጣ ከወገናቸው ጋር ወደ እስራኤል ገቡ። አውሮፕላን ውስጥ እንኳ መቀመጫ ባለመኖሩ ሌላው ሰው ወለል ላይ ሲጨናነቅ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ቆመው እንደ መጡ ወንድማቸው ታደገ ምስክር ነው።

መጀመሪያ ሆቴል፣ ከዚያ ኡልፓን፣ ማለትም የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ቤርሼቫ ከተማ ሽኩና ሄ የሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ። ሊአት በ1992፣ ጊዲ በ1995፣ ሊያን በ2000 ተወለዱላቸው። በ1997 ሽኩና ቫቭ ካለ አንድ ፋርማሲ በጽዳት ተቀጠሩ። መጥረጊያው ከእጃቸው ሳይወርድ መደርደሪያውንም ማስተካከል ጀመሩ፤ የፋርማሲው ሥራ አስኪያጅ አቶ ኒሲምም ይህን አይተው ወደ ሽያጭ አዛወሯቸው። የሰፈሩ ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ «አመለወርቅ የለችም?» ብሎ ይገባል፤ ከሌሉ መድኃኒቱን ሳይወስድ ተመልሶ ይሄዳል። ያስተረጉማሉ፣ ያስረዳሉ፣ አንዳንዴም «የጎረቤትዎን ኪኒን ለምን ዋጡ?» ብለው አባቶችን ይቆጣሉ። መድኃኒትን እንደ ጨው ከጎረቤት መዋዋስ እኛ ዘንድ መቼ ነውር ሆኖ!

ይህ ሁሉ ግን ለቤቱ አልበቃም። ከፋርማሲው እንደ ወጡ በአሮጌው ከተማ ቢሮ ያጸዱ ነበር። ደርሰው ደረጃውን ሲወጡ ልጆቹ ተኝተዋል። ራት የሚያበሏቸው አቶ ክንዴ ነበሩ፤ አቶ ክንዴ ደግሞ ከዘበኝነታቸው ሲመለሱ ከልጆቹ እኩል እንቅልፋቸው ይመጣል። «የልጆቼን ፊት የማየው እንደ ሌባ በጨለማ ነው» ይሉን ነበር ወይዘሮ አመለወርቅ፤ እያሳቁን ነበር የሚናገሩት፣ ግን ያንገበግባቸው ነበር። ሊያን ገና ትንሽ ሳለች ማንኪያ አያያዝ የለመደችው እሳቸው ሳያዩ ነው። ይህ ከውስጣቸው አልወጣም።

እንግዲህ በ2002 አቶ ኒሲም የፋርማሲስት ረዳትነት ኩርስ ወስዶ ፈተናውን ያለፈ ሠራተኛ ደሞዝ ይጨመርለታል ሲሉ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ የሰሙት ደሞዝ የሚለውን ብቻ አልነበረም። ጭማሪ ከመጣ የቢሮውን ጽዳት እተዋለሁ፣ ጽዳቱን ከተውኩ ልጆቼ ራት ሲበሉ አያለሁ። ይኸው ነበር ሐሳባቸው፤ ሌላ አልነበረም። በማግስቱ ተመዘገቡ።

ኩርሱ ዓርብ ጧት ነበር። ዓርብ! ለሰንበት የሚበስለውና የሚታጠበው ሁሉ ወደ ሐሙስ ተገፋ። የመድኃኒቱን ስም እያጠቡ፣ እያሰጡ፣ ደረጃ እየወጡ አጠኑት። ዕውቀቱስ ገባቸው፤ የከበዳቸው ወንበሩ ነበር። በ2003 በመጀመሪያው ፈተና ግማሹን ሠርተው ተነሥተው ወጡ፤ ሌላው ሰው ገና አንገቱን ደፍቷል። ወደቁ። ታደገ ተናዶ «ለሁለተኛው ጫማሽን አውልቀሽ ፊት ለፊትሽ ለተቀመጠው ሰው ስጪው፣ ባዶ እግርሽን የትም አትሄጂ» አላቸው። ሲቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን እውነት አደረጉት። ፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት ጫማቸውን እግሯ ሥር ይዛላቸው ተፈተኑ፤ በ2004 የረዳትነት ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ያን ቀን ሽኩና ሄ የሰማው እልልታ የእኛ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያ አቶ ኒሲም «አሐሬይ ሃሐጊም» አሉ፣ ከበዓላቱ በኋላ ማለታቸው ነው። ፋሲካ አለፈ። ሻቩዖት አለፈ። ሮሽ ሃሻና፣ ኪፑር፣ ሱኮት፣ ኧረ ስንቱ! እኛ ሕዝብ በዓል መቼ አጥተን እናውቃለን? ወይዘሮ አመለወርቅ ወደ አቶ ኒሲም ቢሮ በር ይሄዱና ሻምፑ አስተካክለው ይመለሳሉ። እንደገና ይሄዱና የጥርስ ብሩሽ አስተካክለው ይመለሳሉ። ለሌላው ሰው እንደ እሳት የሚናገሩት ሴት ለራሳቸው ሲሆን አፋቸው ተያዘ፤ ያደጉት ለራስ ጉዳይ በራስ አፍ መሟገት ነውር ነው ተብለው ነው። ቤት ሲገቡ ድስቱን ያንኳኩታል፣ በሩን ያላጉታል፣ መስኮት ከፍተው መልሰው ይዘጋሉ። ልጆቹም ተረበሹ፤ አቶ ክንዴም ሰላም አጡ።

አቶ ክንዴ ለማንም ሳይናገሩ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩት አጎታቸው ወደ አባባ ዘበነ ሄዱ። ሚስታቸውን ያገኙት በሽማግሌ ነው፤ የሚስታቸውን ደሞዝም በሌላ በምን ሊያገኙት ነው? «ደሞዝ ይጨምሩላት በሉልኝ» አሉ። አባባ ዘበነ ምንም አልደነቃቸውም። አባባ ሣህሌንና አባባ ማንያዘዋልን ጠርተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በ2005 ክረምት አንድ እሑድ ጧት ፋርማሲው ገቡ።

አቶ ኒሲም የደም ግፊት መድኃኒት ፈላጊዎች መስለዋቸው ለሦስቱም ተራ ቁጥር ሰጧቸው። በአክብሮት ተቀበሉ። ወንበር ሲያሳዩዋቸው ግን እምቢ አሉ፤ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ተራቸው ደርሶ ቁጥራቸው ሲጠራ ሦስቱም ባንድነት መስኮቱ ላይ ቆሙ። አቶ ኒሲም አስተርጓሚ አስጠሩ። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አማርኛ የሚችል ማን አለ? ወይዘሮ አመለወርቅ የዳይፐር ካርቶን ታቅፈው ከመጋዘን ብቅ ሲሉ የባላቸውን አጎት አዩ። «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ» ይሉ ነበር ሲያወሩልን።

«ስለ አመለወርቅ ነው የመጣነው በይው» አሉ አባባ ዘበነ።

ወይዘሮ አመለወርቅ በዕብራይስጥ «ሰላም ይሉሃል» ብለው አስተረጎሙ።

አባባ ዘበነ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ከወይዘሮ አመለወርቅ አያት ቅድመ አያት ተነሡ፤ ስለ ትጋታቸው፣ ስለ ታማኝነታቸው፣ ዓርብ ጧት ስለ ተማሩት፣ በዓል እየተባለ ስላለፈው ዘመን ዘረዘሩ። ወረፋው ቆመ። ወይዘሮ አመለወርቅ «ጥሩ ሠራተኛ ናት ይላሉ» አሉና አበቁ።

አባባ ዘበነ ዕብራይስጡን ባይዙትም ልኩን ያውቁታል። «እኔ ይህን ያህል ለፍልፌ አንቺ ይቺን ብቻ? የቀረውን የት አደረግሽው፣ ልጄ?» አሏቸው። ወረፋው ላይ አማርኛ የሚያውቁት ሁሉ ሳቁ። ያኔ ነው ወይዘሮ አመለወርቅ ካርቶኑን መሬት ጥለው መናገር የጀመሩት። መጀመሪያ የአባባ ዘበነን አስተረጎሙ፤ እየቆየ ግን የሚናገሩት አባባ ዘበነ ያላሉትን ሆነ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ቃል ገባህልኝ፣ የት አለ? አሉ።

አቶ ኒሲም ውሳኔው የዋናው መሥሪያ ቤት እንጂ የእኔ አይደለም ሲሉ፣ አባባ ዘበነ አድራሻውን ጠየቁ። «እንሄዳለን። እኛ ሽማግሌ ነን፣ አውቶቡስ ግማሽ ዋጋ ነው» አሉ። አባታቸው ከሞሮኮ የመጡት አቶ ኒሲም እንዲህ ያለ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ከቤታቸው ያውቁታል፤ እዚያው ፊታቸው ስልኩን አንሥተው ደወሉ። ደውለው ሲጨርሱ ሦስቱ ተቀመጡ፣ መረቋቸው፣ ሄዱም።

በወሩ መልስ መጣ። ጭማሪው ተፈቅዷል፤ ምስክር ወረቀት ያለው ረዳት ግን የሚፈለገው ለማታው ፈረቃ ነው ተባለ። ማታ! አባባ ዘበነ ደግሞ ድሉን ከሽኩና ቤት እስከ ሽኩና ቫቭ አውርተው ጨርሰዋል፤ ወይዘሮ አመለወርቅ በሄዱበት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይባላሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ሽማግሌ ያመጣውን መመለስ ሽማግሌውን ማዋረድ ነው። መቀበል ደግሞ ልጆቹን እንደገና በጨለማ ማየት ነው። አቶ ክንዴ «ተቀበይ» አሉ። ታደገም «ተቀበይ» አለ። በዚያ ሳምንት ሁለቱም ከእሳቸው አንድ ሰላምታ አላገኙም።

በመጨረሻ ወይዘሮ አመለወርቅ ሽኩና ቤት ሄደው ከአባባ ዘበነ ጉልበት ላይ ወደቁ። «አባባ፣ ያመጡልኝን ልመልስ ነው፤ ይማሩኝ» አሉ። አባባ ዘበነ ፊታቸው ጠቆረ፤ ለምን ብለው ጠየቁ። «ልጆቼን ራት ላበላ ነበር ሐሳቤ። ለማታ ሥራ አልነበረም።»

«አይ ልጄ፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ይህንኑ እለምንልሽ ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ክንዴ ደሞዝ ብሎኝ ደሞዝ ለመንኩ። ማን ጠየቀሽ? ማናችንም አልጠየቅንሽም።» ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ። «እንግዲህ ልሂድልሽ?»

«አይ አባባ፣ አሁንስ እኔው እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

ሄዱም። አቶ ኒሲም ወንበር ሲስቡላቸው አልቀመጥም አሉ። ቀን ቀን እሠራለሁ፣ በረዳትነቴም ይጨመርልኛል፣ ማታ የልጆቼ ነው አሉ። ያገኙት ጭማሪ ቃል ከተገባላቸው ያነሰ ነበር፤ ተቀብለው በዚያው ሳምንት የቢሮ ጽዳቱን ተዉት። ቤቱ በጥቂቱ ተብቃቅቶ ኖረ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ማታዎች ያየን እናውቃቸዋለን። ማዕዱ ላይም ቢሆን አልተቀመጡም፤ ጭልፋ ይዘው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ ጊዲ ጨርሶ ሳይውጥ ይጨምሩለታል፣ የሊያንን ጸጉር ወደ ኋላ ይሰበስባሉ። ሊአት በዕብራይስጥ «ኢማ፣ ሽቪ ክቫር» ትላቸዋለች፣ እማዬ ተቀመጭ እንጂ ማለቷ ነው። እሺ ይላሉ፣ አይቀመጡም። ደስታቸው ግን ፊታቸው ላይ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም።

በ2008 መጨረሻ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። እንደ ወጋችን ሕመሙን ልንደብቃቸው ሞከርን፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ስም አይተው ዐወቁት። «እኔን ልትሸውዱ?» አሉን። ምግብ እምቢ ካላቸው በኋላ እንኳ ማታ ማታ አንሡኝ እያሉ፣ ትራስ ተደግፈው፣ ልጆቹ ሲበሉ ያዩ ነበር። ያኔ ብቻ ነው ሲቀመጡ ያየናቸው። በብዙ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የስግድ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2009 ከዚህ ዓለም ተለዩ። እኛ ደግሞ እንዲህ ቶሎ እንዲሄዱ አልፈቀድንም ነበር። እንናደዳለን፤ እሳቸው ቢናደዱብንም እንናገረዋለን።

ወይዘሮ አመለወርቅ የባለቤታቸው የአቶ ክንዴ፣ የልጆቻቸው የሊአት፣ የጊዲና የሊያን፣ የወንድማቸው የታደገ ነበሩ፤ አሁንም ናቸው። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በአባቶቻቸው ማኅበር ይቀበልልን፣ የደከመ ጉልበታቸውንም ያሳርፍልን።

ለቅሶ የምትደርሱ ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዛሬ ማታ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ምግብም ከየቤቱ ይመጣል፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ ልጅ ተረስቶ ሳይበላ ይተኛል። ከእናንተ አንዳችሁ ከሊያን ጎን ተቀመጡና እስክትጨርስ ድረስ እዩዋት።