ቦታዋን አልሞላባትም

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለቃለ ሕይወት፣ ኦስሎ፤

በሰው አገር ብርዱም ክፉ ሰውም አይንካህ። እኛ አለን። ኢንተርኔት እንደተዘጋ ስለሆነ ይህን ደብዳቤና አንድ ፍላሽ ጎረቤታችን እናትዓለም በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይዛልኝ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ አንተ ትልከዋለች።

ባለፈው በስልክ ያልኸኝን ሳስብ ሰነበትሁ። «የብሩክን ሙዚቃዎች ላኪልኝ፤ እዚህ በእውነተኛ መሣሪያ፣ በቫዮሊንና በፒያኖ አስጫውቼ ለመታሰቢያው አሳትማቸዋለሁ» አልኸኝ። ለባሌ እንዲህ ማሰብህ አንጀቴን በላው። መስመሩ ተቋረጠና መልስ ሳልሰጥህ ቀረሁ።

ከመልሴ በፊት ግን በአርባው ዕለት የሆነውን ልንገርህ።

ብሩክ እንዴት እንደሞተ ታውቃለህ። ነሐሴ ላይ ተኩሱ በረድ ያለ መስሎት ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤ ተባራሪ ጥይት ከበራችን ሳይርቅ ጣለው። ለቀብሩ አባታችን ከደቅ ደሴት መሻገር አልቻሉም ነበር። ለአርባው ግን በጀልባ መጡ።

ጸሎቱና ምግቡ ሲያበቃ የሥራ ጓደኛው ክንዱ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ድንኳኑ ውስጥ የብሩክን ሙዚቃ ከፈተ። ሙዚቃውን ሁሉ የሠራባትን ያችን በእጅ የምትያዝ የድሮ የጌም ማሽንም ለሰው አሳየ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። «ይህችን በምታክል የልጅ መጫወቻ!» ይላል አንዱ። «አራት ድምፅ ብቻ እኮ ነው ያላት!» ይላል ክንዱ። ፎቶ ያነሷታል። ሙዚቃው ይጫወታል፤ የሚሰማው የለም። ብሩክን በሕይወቱም የሚያንገበግበው ይኸው ነበር። «ሰብልዬ፣ ሰው ሁሉ እንዴት ሠራኸው ይለኛል፤ ምን ማለትህ ነው ያለኝ የለም» ይለኝ ነበር።

አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ አራት ነው ያልኸው?»

«አዎ መሪጌታ፤ የሚገርመውም እሱ ነው።»

«የእኛ ዜማ ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ዕድሜ ልኬን ድጓ ሳስተምር፣ በሦስት ብቻ እንዴት አዜማችሁት ብሎ ያደነቀኝ የለም። የሰማ ሰው ያለቅሳል፣ ወይም ይጸልያል። አሁን ያችን ዕቃ አስቀምጡና ልጁን ስሙት።»

ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ክንዱ አንዱን ሙዚቃ ከመጀመሪያው ከፈተው።

የብሩክ እናት እትዬ ባንቺአየሁ፣ መሸንቲ ከተማ ላይ ያረፉ ጊዜ የሠራው ነው። ሁለት ቀጫጭን ድምፆች እየተጠራሩ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲጠይቅ አንዷ ትመልሳለች። ከሥራቸው ወፍራሙ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ አራተኛው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰማል። መካከል ላይ መላሿ ትጠፋለች። ጠያቂው ግን አይቆምም፤ ይጠይቃል፣ መልሷ ይገባበት የነበረውን ያህል ዝም ይላል፣ እንደገና ይጠይቃል። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው።

«እዚህ ላይ ማሽኗ አቅቷት ነው?» አለኝ ክንዱ ቀስ ብሎ።

«አላቃታትም» አልሁት። «እሱ ነው ያልፈለገው።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ቦታዋን አልሞላባትም» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። እናታችን ስትሞት እንኳ ሲያለቅሱ አላየሁም ነበር።

ስለዚህ ወንድምዓለሜ፣ አትቀየመኝ፤ መልሴ እንቢ ነው። ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ባለሙያ ነው፤ ያን ዝምታ ሲያይ ያዝንለትና አንድ የሚያምር ነገር ያስገባበታል። ብሩክ መሣሪያ ጎድሎት አልነበረም። እቤት ባለው ኪቦርድ ሞክሮት ነበር፤ «ይህ ያባብላል፤ እኔ ማባበል አልፈለግሁም» ብሎ ተወው። ማሳተም ካማረህ እንዳለ አሳትመው፤ በምን እንደተሠራም ሽፋኑ ላይ አይጻፍ።

ስለ እኔ አታስብ፤ ደኅና ነኝ። ሥራ ተመልሻለሁ። መኝታዬን ወደ ማድ ቤት አዛውሬዋለሁ፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ መስኮትም የለው። አባባ ደቅ ነይ እያሉ ይጎተጉቱኛል። እመጣለሁ እላቸዋለሁ፤ ይህን ቤት ግን ለማን ትቼ?

ፍላሹ ላይ ያለውን ሙዚቃ ስትሰማ ብቻህን ሁን። ስትጨርስ ምን እንደነገረህ ጻፍልኝ። እኔ ከአርባው ወዲህ መስማት አልቻልሁም።

ኪዳነ ምሕረት በሄድህበት ሁሉ ትከተልህ፤ ልጆችህን በእኔ ስም ሳማቸው።

እህትህ
ሰብለ ወንጌል መርስዔ ኀዘን