አባቴ ያዘገመው ዜማ

ረቡዕ

…እናቴን የቀበርን ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር፤ መዘምራኑ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው የአባቴን መዝሙር ሲጀምሩ እኔ—

ዛሬ ከጊምቢቹ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰማሁት። ያንኑ ዜማ። በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በሚጮህ ፈረንጅ። ሳላስበው በሀዲይኛ አብሬ ዘመርኩ። ሾፌሩ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በመስታወቱ እያየኝ ሳቀ። «ቲቸር፣ አንቺም ሮክ ትሰሚያለሽ እንዴ?»

ሐሙስ

ስልኬ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። ዘፈኑ ከአባቴ መዝሙር ይቀድማል። በብዙ ዓመት።

ስንቱ ተጫውቶታል! አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ። ሁለት አዛውንቶች በአኮርዲዮን። የአባቴን መዝሙር የሚዘምሩትን የአገራችንን መዘምራንም ጨመርኩ፦ የሆሳዕና ከተማዎቹ በጭብጨባ፣ ዱራሜ በከምባትኛ፣ የሾኔ ወጣቶች በኪቦርድ። ከሁሉም ቀርፋፋው የእኛው፣ የአባቴ መዘምራን ነው። ከሁሉም የምወደውም።

እሑድ የመዘምራኑ ኢዮቤልዩ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ደራሲ፦ ጋሽ ኤርሲዶ» ተብሎ ታትሟል። ዓለማዊ ዘፈን መሆኑ ከታወቀ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መዝሙሩን ያስቀሩታል፣ እሱንም ከአገልግሎት ያግዱታል። በዚህ ዕድሜው ከመዘምራኑ ሌላ ምን አለው?

ዝም እላለሁ።

ዓርብ

ዝም አላልኩም።

አባቴ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ሲቆርጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ቢላዋውን አስቀመጠ። እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ፈጠኑ» አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጌታን ከመቀበሉ በፊት፣ ተማሪ ሳለ፣ ጎረቤቱ ይህ ዘፈን ያለበት ካሴት ነበረው። እንግሊዝኛውን አይሰማም ነበር። ዓመታት አልፈው መዘምራኑ አዲስ መዝሙር ሲለምኑት ሦስት ቀን ጾመ። በሦስተኛው ቀን ዜማው መጣለት። «ከላይ የተሰጠኝ መስሎኝ አለቀስኩ እኮ፣ ልጄ።» በዓመቱ አንድ ሱቅ በር ላይ ዘፈኑን ሲሰማ ዜማው ከየት እንደመጣለት ገባው። ያን ጊዜ ዱራሜዎች እንኳ መዝሙሩን መዘመር ጀምረው ነበር።

የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እናትሽ። ‹አንተ ዘምር፣ ጌታ ካሴትም ይሰማል› ትለኝ ነበር።»

ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ።

ቅዳሜ

ልምምድ አብሬው ሄድኩ። የመዘምራኑ መሪ ታደለች ከሩቅ ጮኸች፦ «ጋሼ! ነገ መሪ ድምፅ እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ ቀዝቃዛ ነገር እንዳይጠጡብኝ!»

ስንመለስ መንገድ ላይ አባቴ፦ «ስሜን ይሰርዙት። መዝሙሩን ግን አይንኩብኝ።» ለሽማግሌዎቹ ሊናገር ነው። ፈራሁ። ቆይቼ ደግሞ አመሰገንኩ፦ የሚዘምርበት ድምፅ ዛሬም ስላለው። እናቴ ስላወቀች። አሁን እኔም ስላወቅኩ። ስለዚያ ሾፌርም።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ ከፕሮግራሙ በፊት ለጸሎት ተሰብስበዋል። አባቴ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፏል።

«አባባ፣ አብሬ ልግባ?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ስልክሽን ስጪኝ። ድምፅ መጨመሪያው የቱ ነው?»

አሳየሁት። ጣቴን ይዞ ትንሽ ቆየ።

መጋቢው ብቅ አሉ። «ጋሽ ኤርሲዶ፣ ይግቡ እንጂ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው!»

ገባ። በሩ ተዘጋ።