ውሃ እንዳይነካው የተባለው አዳራሽ

ነቀምት፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣ ለአዮ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የሌሊቱ ብርድ ተወሽ ወይስ አሁንም ይቆረጥምሻል? ቡናው ተለቅሞ አለቀ? ላሚቱስ ወለደች? ጥያቄ አበዛሁብሽ፤ ናፍቆት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬ ስታዪኝ ትስቂያለሽ። ይህን ለሚያነብልሽ ለገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ለጓድ ነገራ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው። እንደ ልማዱ አንዲት ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።

ታሰረች የሚል ወሬ አገርሽ ኑኑ ቁምባ ድረስ ደርሶ ስታለቅሺ ሰነበትሽ አሉኝ። አልታሰርኩም አዮ። ቀበሌ ውዬ ማታ ቤቴ ገብቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለውን አዳራሽ መቼም አትረሺውም፤ አባባ ድንጋዩን በትከሻው ያመላለሰለትን፣ አንቺም እሑድ እሑድ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ የምትገኚበትን። ሲታሸግ፣ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ምን ቀረኝ ብለሽ ነው አገርሽ የገባሽው። ከዚያ ወዲህ ለእርሻ መሥሪያ ቤታችን መጋዘን ሆኖ ተሰጠ። ዕቃ ቤት ጠባቂዋ እኔ ነኝና ቁልፉ እኔው እጅ ገባ። የተምች መርዝ በበርሜል፣ የነቀዝ ኪኒን በቆርቆሮ ተከመረበት። ኪኒኑ ውሃ ከነካው ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ከግድግዳው ማዶ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ወልዶ የከበደው ጋሽ ወልደገብርኤል ላምባ ይሸጣል።

አለቃዬን ጓድ መሸሻን፣ ሌላው ቢቀር ለእሳት አደጋ ሰዎች ውስጡ ምን እንዳለ እንንገራቸው ብዬ ለመንኩት። የመንግሥት ንብረት የት እንዳለ ማውራት ምስጢር ማባከን ነው አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩም እንዳልረሳ ጨመረልኝ። ፈራሁ፤ ምን ልዋሽሽ።

ታዲያ በገበያ ቀን የጋሽ ወልደገብርኤል ማድ ቤት በእሳት ተያያዘ። ጎረምሶች የላምባውን በርሜል አንከባልለው አወጡ። የማዘጋጃ ቤቱ መኪናም ደረሰ። ሰዎቹ እሳቱ እንዳይዛመት ብለው ቱቦውን ወደ አዳራሹ ጣሪያ አነሱ፤ ወደዚያ ወደሚያፈሰው! ማሎ፣ ማሎ፣ እባካችሁ ውሃውን መልሱ እያልኩ ሮጬ ቱቦው ላይ ተጠመጠምኩ። መሬት ለመሬት ጎተቱኝ። አንቺ የሰጠሽኝ አረንጓዴው ቀሚስ ተቀደደ፤ አትቆጪኝ።

አዛዣቸው ተረፋ የሚባል ረጅም ቁጡ ሰው ነው፤ አብደሻል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ጓድ መሸሻ ከሰዉ መሐል ቆሞ ያየኛል። አስቤ የተናገርኩ እንዳይመስልሽ፤ አፌ ቀደመኝ። ውስጥ ያለውን፣ በየትኛው ጥግ እንደተከመረ፣ ውሃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን፣ ሁሉንም ሕዝብ ፊት ዘረገፍኩት። ተረፋ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ቱቦውን አስጣለ፣ ሰዉን አራቀ፣ እሳቱንም በአፈር አፍነው አጠፉት።

በማግስቱ ምስጢር አባክናለች ተብዬ ቀበሌ ቀረብኩ። አለቀስኩ። እስሩን ፈርቼ ብቻ አልነበረም፤ አንቺ ስትሰሚ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ነው። ተረፋ ማንም ሳይጠራው ገባ። እሷ ዝም ብትል ኖሮ የማዛቸውን ልጆችም ሰፈሩንም በገዛ ውሃዬ እፈጅ ነበር፤ የሚጠየቅ ካለ ሳይነግረኝ የከረመው ይጠየቅ አለና ጓድ መሸሻን ትክ ብሎ አየው። ለካ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ኖሯል። ነገሩ እዚያው አለቀ።

መርዙ ከከተማ ውጭ ወደ ታጠረ መጋዘን ተጫነ። አሁን አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ሄደሽ ለተረፋ ንገሪው ብሎ የሚልከኝ ራሱ ጓድ መሸሻ ነው። አዳራሹን እነበዛብሽ፣ የድሮ ጎረቤቶችሽ፣ ተረፋ ባዋሳቸው የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ ፈትገው አጠቡት። የጤና ጥበቃ ሰው መጥቶ መረመረና ከእንግዲህ ምንም የለበትም አለ።

በሩ ላይ ግን ተረፋ የሰቀለው ሰሌዳ አለ፤ የራስ ቅል የተሣለበት፣ አደገኛ መርዝ፣ መግባት ክልክል ነው የሚል። ይነሳ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ ስል ነው የሚነሳው፣ አንቺ ብቻ አየር አስገቢለት አለኝ። ጓድ መሸሻ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። ካለፈም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነው።

እኔም እንደታዘዝኩት እሑድ እሑድ ጠዋት አየር አስገባለታለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ የሚያግዘኝ ሰው በየሳምንቱ እየበዛ ነው፤ ከጨለለቂ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። ጋሽ ወልደገብርኤል በዚያ ሰዓት ራዲዮኑን እስኪሰነጠቅ ከፍ ያደርገዋል። እሱ የሚሳለመው ደጅ ሌላ ነው፤ ግን ደግ ሰው ነው። ባለፈው ተረፋ በአዳራሹ ደጃፍ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ አየሁት። ሞቆት ይሆናል።

ደስ ብሎኛል አዮ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ጉልበትሽ ካልከለከለሽ ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ነይና እሑድን አግዢኝ። ነጠላሽን አትርሺ። በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ከፊት ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር፣ በርሜል ተጭኖበት ትንሽ ጎበጠ እንጂ ደህና ነው። በዛብሽ በሳሙና አጥባዋለች። እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም።

እስክንገናኝ ጠባቂሽ አይተኛ፣ ደጅሽ አይዘጋ። ለጓድ ነገራም እንዲሁ።

ቱቦ ላይ የተጠመጠመችው ልጅሽ