የቴርሞሜትሩ ስህተት

ውድ ሙክታር፣

«ውድ» ያልኩህ ለደብዳቤ ሌላ አጀማመር ስለማላውቅ ነው። ለቅዳሜው የክብር ዝግጅትህ «አንቺ ካልመጣሽ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም» ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። አራት ዓመት ስልኬን ሳታነሳ ቆይተህ ደስታህ አሁን በእኔ ጎደለ?

ሆሳዕና ስለ አንተ የማያወራ የለም። የጋሪ ነጂው ሳይቀር «በማግኔት ብርድ የሚሠራው ልጃችን» ይልሃል። ያንን ሆልሚየም የሚባል ብርቅ ብረት ያለበትን ቅይጥ እኮ ባሕር ማዶ አብረን ነው ያቀለጥነው። ማግኔቱ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ላይ ቁጥሩን እያነበብኩ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እናትህ ሲታመሙ «አንዳችን መሄድ አለብን» አልክ። አንዳችን ማለት እኔ መሆኔ ያኔም ገብቶኛል። እጮኛህ ነበርኩና ደብተሬን ትቼልህ ተመለስኩ።

ሌሞ፣ ገጠር ቤታቸው፣ ሰባት ወር አስታመምኳቸው። ሥራህን ሳስረዳቸው «ብርድ ለመሥራት ነው ባሕር የተሻገረው? ሌሞ ብርድ መች ጠፋና» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሲስቁ አላየሁም።

ስህተታችን የገባኝ እዚያው አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ቁጥሮቹን በልቤ ሳሰላስል ነው። ቴርሞሜትሩ ማግኔቱ ውስጥ ሲሆን ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ሲወጣ ትክክሉን ያነባል። ቅዝቃዜ ብለን ከጻፍነው ግማሹ የቅይጡ ሳይሆን የቴርሞሜትሩ ነው። ወዲያው ደውዬ ይህንኑ ነገርኩህ። «ቴርሞሜትሩን ለብቻው ማግኔት ውስጥ ሳትፈትን እንዳታሳትመው» አልኩህ። «እሺ እሺ፣ አንቺ ብቻ እማዬን ተንከባከቢልኝ» ብለህ ዘጋኸው።

ለቀብር አልደረስክም። በወሩ ግን ጥናቱ ታተመ። ቁጥሮቹ አንድም ሳይነካ የእኔ ናቸው፤ ስሜ የለም። የላቦራቶሪውን ዘበኛ እንኳ በስሙ አመስግነሃል። ከስህተቱ ስላዳንከኝ ደስ ይበለኝ ብዬ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

እስካሁን ዝም ያልኩት ለሟች እናትህ ክብር ስል ነው። አሁን ግን አዜብ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ከፎንቆ የመጣች፣ ፊዚክስ የምትወድ። የአንተን ፎቶ ደብተሯ ላይ ለጥፋ «የእሱን ሥራ ነው የምቀጥለው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አስተማሪዋ ነኝ። ዕድሜዋን በማይሆን ቁጥር ላይ ስትጨርስ ቆሜ ላያት አልችልም።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ግን ከዘመዶችህ ጋር አልቀመጥም። ማይኩን ሲሰጡህ ስህተቱን ራስህ ተናገር። ስሜን መጥራት አይጠበቅብህም። ዝም ካልክ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣለሁ። ጥያቄዬን ታውቀዋለህ፤ መልሱንም ያኔ በስልክ ነግሬሃለሁ።

ከአዜብ ጎን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምታገኘኝ፣
ረሂማ