እስከ ኅዳር ሚካኤል የተገዘተው ሣር

ሐምሌ 27 ቀን 1994
ዛሬም ፍየል ገብቷል። የከለልነው ጉብታ ላይ፣ አሥራ አንድ ፍየል። የቅጣው ናቸው። ከብት ላናስገባ የተዋዋልነው ውል ላይ መጀመሪያ የፈረመ እሱ! "ልማቷ፣ ፍየል ፊርማ አያነብም" ብሎኝ ሳቀ። የልማት ሠራተኛ ስለሆንኩ ሁሉም ልማቷ ነው የሚለኝ። ሣሩን ለበጋ ካላቆየነው ከብቱ ምን ሊበላ ነው? አምና ስንቱ መኖ ፍለጋ ተከዜ ወርዶ ቀረ... ማን ይስማኝ።

ሐምሌ 30
አባ ገብረ ጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። "ይገዝቱልኝ" አልኳቸው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ከብትም ማጭድም እንዳይገባ። ቀኑን ከየት አመጣሁት? ከመሥሪያ ቤት መመሪያ።
"ልጄ፣ ግዝት እንደ ወረቀት አይቀደድም" አሉኝ።
እንኳንም አይቀደድ፣ አልኩ በሆዴ።

ነሐሴ 5
ከቅዳሴ በኋላ ገዘቱ። ማታ ጉብታውን የረገጠ ከብት የለም። ቅጣው እንኳ ፍየሎቹን በሌላ መንገድ ነዳ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

መስከረም 6 ቀን 1995
ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንደቆመ ቀረ። ማሽላው ፍሬ አልያዘም፣ ግጦሹ አፈር ሆኗል። ጉብታው ላይ ግን ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አሁን ካልታጨደ ደርቆ እንጨት ይሆናል። ቅጣውን "እንጨድ" አልኩት። ያ ቀልደኛ አልሳቀም።
"ግዝቱስ?"
አባ ገብረ ጻድቅ ታመው ተከዜ ማዶ ጠበል ወርደዋል። ሌላው ቄስ ደግሞ "እሳቸው ያሰሩትን እኔ አልፈታም" አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ አልፈታ አለ።

መስከረም 14
አከራዬ እትዬ ወለተ ሐና አንዲት ላም አለቻቸው፣ ቦራ። እርጉዝ ናት። ዛሬ ጠዋት መነሳት አቃታት። አራት ሆነን፣ ጅራቷን ይዘን አቆምናት። እትዬ አላለቀሱም። ጎኗን እያሻሹ ቆሙ።
ሣሩ እዚያ ቆሞ... ያሰርኩት እኔ።

መስከረም 15
አላስቻለኝም። በጠራራ ፀሐይ ማጭድ ይዤ ወጣሁ። አንድ ሸክም አመጣሁ። ቦራ ሸተታት መሰለኝ፣ ቀና አለች። እትዬ በሩ ላይ ቆሙ።
"ከየት ነው?"
ሸክሙን አወረድኩ።
"ዓይናዲስ፣ ከየት ነው?"
"ኃጢአቱ የእኔ ይሁን፣ እትዬ።"
"ስትወልድ ወተቱን የልጅ ልጄ አይደለም የሚጠጣው? ግዝቱ እሱንም ይይዘዋል። መልሺ።"
መለስኩ። ላሟ እያየችኝ። እንደ ዛሬ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

መስከረም 16
ጠበሉ ድረስ ልሄድ ነው። በእግር ሁለት ቀን... ቦራ ትጠብቀኝ ይሆን?

መስከረም 22
ትናንት ተመለስኩ። አባን አልጋ ላይ ነው ያገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። "እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር?" አሉ። በመስቀላቸው ባረኩ፣ "እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ። ለቄሱም ደብዳቤ አጻፉ። በማጭድ ብቻ፣ ከብት እንዳይገባ።
ቦራ በሄድኩ በሁለተኛው ቀን ሞታለች።
ዛሬ መንደሩ ሁሉ ሲያጭድ ዋለ። ሣሩ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ይበላል። እትዬ ድርሻቸውን ለጎረቤት ሰጡ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ሐምሌ 3 ቀን 1995
ስብሰባ ነበር። ከብቱ አብዛኛው ክረምት ደርሷል፣ ዘንድሮ ተከዜ የወረደው ጥቂት ነው። አባ ድነው ተመልሰዋል። "ግዝቱን ልድገመው?" አሉ። ተነሳሁ። ቀኑ ከወረቀት እንደመጣ፣ ማንንም እንዳልጠየቅኩ ተናገርኩ።
እትዬ ወለተ ሐና ተነሱ። ላም የላቸውም።
"ይገዘት" አሉ። "ቀኑን ግን ከብት ያለው ይቁረጥ። ቅጣው፣ ሣሩ መች ነው የሚታጨድ?"
"ፍሬው በእጅ ሲታሽ መርገፍ ሲጀምር።"
"እንዲያ ተብሎ ይገዘት።"
እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጨመርኩ።
ወደ ቤት ስንመለስ አላስችል አለኝ። "እትዬ፣ ቂም አልያዙብኝም?"
"ይዣለሁ እንጂ" አሉ፣ ሳይቆሙ። "ቂሜ ካንቺ ነው። ሣሩ ምን አደረገኝ?"