ቅዳሜ ማንም እንዳይቀር

ሚያዝያ 11 ቀን 1980፣ ማክሰኞ

ኦርጋኑን ወለወልኩ። መርገጫው ጠጥሯል፤ ዘይት ነካ አደረግኩት። ተማሪ አልመጣም። ዘኪያ ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያ በፀሐይ ነጥቶ «ሙዚቃ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

ክብሪት ልገዛ ገባሁ። ዘኪያ ያው ዘኪያ ናት። «እትዬ አስቻለች፣ ተማሪ ትንሽ አረፈደ ብለው በር ይዘጉበታል፤ ከዚያ ደግሞ ዕድሌ ቆመ ይላሉ። ዕድልም እኮ አንዳንድ ቀን ታረፍዳለች!»

«አርፍዳ ከመጣች ደጅ ትቁም» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደወል ካለፈ ደጅ መቆም ነበር፣ ዝናብም ቢሆን። እኔ አንድም ቀን አልቆምኩም።

ታዲያ ምን አገኘሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች አስዘመርኩ። ጸሎት ቤታችን ታሸገ፤ መዘምራኑ ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳሁት ትምህርት ቤት የለም። አርጅተዋል አይሉኝም። «እናሳውቅዎታለን» ነው የሚሉኝ። ኑሮዬ ኦርጋን እንደ መርገጥ ሆኗል... እግር ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ሚያዝያ 14፣ ዓርብ

ጓድ ባጫ ቤቴ መጣ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኃላፊ። ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ የማሸጊያውን ሰም ያቀለጠው እሱ ነበር። ተቀመጥ አላልኩትም፤ ራሱ ተቀመጠ።

«የእኛ ኪነት ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓሉ፣ ልጆቹ እንዳያሳፍሩን። እርስዎ ደግሞ ሰዓት ያስከብራሉ ይባላል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም። የሚፈሩዎትም።»

ግጥሙን እነሱ ያመጣሉ፤ እኔ ድምፁን አስተካክላለሁ። ኦርጋኔን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ያስወስዱልኛል።

እምቢ ማለት ነበረብኝ? ከዚያ ሰም በኋላ? ግን ሰው በሬን አንኳኩቶ «እርስዎን ነው የምንፈልገው» ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያውም ሌላው የሚሸሸውን ጠባዬን ፈልጎ። እሺ አልኩ።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያ ልምምድ። ሕጉን ነገርኳቸው። ሦስት ሰዓት ሲሞላ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ። ሹልክ የሚሉ ስላሉ የጓሮውን በር በአግዳሚ ወንበር አስደግፌ ዘጋሁት።

ትንሽ ቆይቶ ተንኳኳ። ለሜሳ የሚባል፣ አባቱ ሸጎሌ ከብት የሚነግዱ። «እትዬ፣ በሬው አስቸገረኝ!» «በሬው ይዘምርልህ» አልኩት። ልጆቹ ፈነዱ። አልከፈትኩም። መስኮቱ ሥር ቆሞ ከእኛ ጋር አብሮ ዘመረ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው! ዘወር ብዬ አላየሁም። ግን ሰማሁ።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ አራቱ ድምፅ አንድ ሆነ። ቤት ገብቼ እራት መብላት አቃተኝ፤ ከደስታ።

ሰኔ 18፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንሰማማም። ሦስት ወንዶች ቀሩ። ዘኪያ እንደነገረችኝ ሸጎሌ ገበያ ላይ ወጣት ያፍሳሉ፤ ጭነው ለጦሩ ይወስዳሉ። ባጫን ጠየቅኩት። «የኪነት ልጅ አይነካም። ቃሌ ነው።» ለልጆቹ ነገርኳቸው። አመኑኝ።

ለሜሳ አሁንም ያረፍዳል። ሶሎውን የሰጠሁት ለእሱ ነው። ለምን? ጆሮዬን እንጂ ሰዓቴን ስላልሰማሁ።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

ባጫ በር ላይ ቆሞ፣ «ቅዳሜ ማንም እንዳይቀር። ከቀበሌ በላይ ካለው፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት፣ እንግዶች አሉ፤ ከወደዱዎት ቋሚ ሥራ ነው» አለኝ። ቋሚ ሥራ... በዚህ ዕድሜዬ።

የእያንዳንዱን ልጅ ቤት በጭቃ ዞርኩ። ለሜሳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አባቴ ቅዳሜ አትውጣ ብሎኛል።»

«ካልመጣህ ሶሎህን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «እሺ እትዬ። ከእርስዎ ቀድሜ ባልገኝ ምን አለ ይበሉኝ።»

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሸሚዙ ታጥቧል።

ሁሉም መጡ። ቆለፍኩ። ገና ሁለተኛው አንጓ ላይ ተንኳኳ። የባጫ ድምፅ። እንግዶቹ ናቸው ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ። በእጄ ከፈትኩ። በገዛ እጄ...

ጠመንጃ የያዙ ነበሩ። አንዱ ልጅ ወደ ጓሮው በር ሮጠ። አግዳሚው አልነቃነቅ አለው። እኔ ነኝ ያስደገፍኩት።

ሴቶቹን ለዩ። ወንዶቹን መኪናው ላይ ጫኑ። ለሜሳ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «እትዬ፣ ዛሬ አላረፈድኩም» አለኝ።

ሐምሌ 10፣ እሑድ

አልተነሳሁም።

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ

የለሜሳ አባት አቶ በዳሳ መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

«ልወቅስዎ አይደለም። ይህ ልጅ ለከብት እንኳ በሰዓቱ አይነሳም ነበር። ያን ቀን ግን ከእኔ በፊት ተነሳ። ምን ቢያደርጉት ነው?»

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ባጫ ዘንድ ሄድኩ። «የኪነት ልጅ አይነካም ብለኸኝ ነበር።»

«እትዬ፣ ኮታ መጣብን። ቤት ለቤት ስንሄድ አንድ አናገኝም። እርስዎ ጋ ግን ሁሉም ይገኛል።»

የሚያመሰግነኝ ይመስል ነበር።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ

ባጫ የምሥራች ይዞ መጣ። ከፍተኛው ሥራዬን ወድዶታል። የሁሉም ቀበሌዎች ልጆች በእኔ ሥር ይሆናሉ። ቋሚ ደመወዝ፣ ማዕረግ። ስንት ዓመት የለመንኩት ሁሉ።

ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «ቅዳሜ ታዲያ ማንም እንዳይቀር።»

ያው ቃል። በዚያው ድምፅ።

እሺ አልኩት።

ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ

አዳዲስ ልጆች። አንዱ ገና ጢም አላበቀለም። ሦስት ሰዓት ሲሞላ የፊቱን በር ቆለፍኩ። ከዚያ አግዳሚውን ከጓሮው በር ጎትቼ አነሳሁ።

«ዛሬ ልምምድ የለም። በዚህ ውጡና ወንዙን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት እንዳታድሩ።»

ቆመው ያዩኛል።

«አልሰማችሁም? አንድ በአንድ፣ ሳትገፋፉ!»

ያን ጊዜ ገባቸው፤ በጓሮው በር ወጡ።

ኦርጋኑ ላይ ተቀመጥኩ። የቀበሌውን አይደለም፤ የጸሎት ቤታችንን ዜማ ነው የተጫወትኩት። አራቱንም ድምፅ፣ ብቻዬን። ለውጭ ሰሚ ልምምድ ነው። መርገጫው እስኪያቃስት ረገጥኩት። ሲያንኳኩ ዜማው እስኪያልቅ አልተነሳሁም።

ባጫ ባዶውን አዳራሽ አየ። እኔን አየ። «የት አሉ?»

«አረፈዱ።»

«እርስዎ ጋ ሰው አያረፍድም።»

«ዛሬ ጀመሩ።»

ቁልፉን ተቀበለኝ። ኦርጋኔ እዚያው ቀረ። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቀበሌ ቅረቢ ተብያለሁ። ቅረቢ ነው ያለኝ፤ እርስዎ ማለቱን ትቶታል።

ዘኪያ ዳቦ ይዛ መጣች። ዛሬ አልቀለደችም። እዚያው አስረው ያስቀሩኛል፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ጋቢዬን አጣጥፌ በሩ አጠገብ አኖርኩ።

በሕይወቴ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ሰኞ አረፍዳለሁ።